የዝሆንና የአውራሪስ ቁራኛ

ተረት ተረት! «የላም በረት» የምትሉ በሉ፤ የማትሉም ዝም በሉ። እኔ እንደሆነ ዛሬ ሳልጨርስ አልነሣም።

ድሮ፣ እንስሳት እንደ እኛ ሲሟገቱ፣ ገመድም እንደ ሽማግሌ ሲናገር፣ አንድ ሰፊ ሜዳ ነበረ። በበጋ ሣሩ ደርቆ እስከ ወገብ ይቆማል፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። በምሥራቅ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ አያ ዝሆን ይኖራል። በምዕራብ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ አያ አውራሪስ ይኖራል። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። ሁለቱም የሚበሉት ያንኑ ሜዳ ነው። ግን አይዋደዱም።

ለምን አይዋደዱም ብትሉ፣ ዝሆን «ሜዳው መተዳደር ያለበት እንደ እኔ ነው» ይላል። አውራሪስ «የለም፣ እንደ እኔ ነው» ይላል። ጠባቸው ይኸው ነው። የትልልቆች ጠብ ምክንያቱም ትልቅ ነው ብላችሁ አትድከሙ።

አንድ ክረምት መብረቅ አንድ ትልቅ ዛፍ መታ። ዝሆን ቀድሞ ደረሰና ፍሙን በማሰሮ ዛቀው፤ አመድ አለበሰው። በዚያ ዓመት ከሌላ ጠላት ጋር ተጣልቶ ነበርና ፍሙን ሁለት ሸለቆ ላይ ደፋው። ሁለት ሸለቆ ሙሉ ዛፍ፣ ከነወፉ ከነጎጆው፣ አመድ ሆነ። አውራሪስ ይህን ከኮረብታው ላይ ሆኖ አየ። ያን ቀን ሣር አልበላም። በማግስቱ እሱም ሄዶ ካልበረደው ግንድ ሥር ፍም ዛቀ።

ዝሆን አምስት ማሰሮ ሞላ። አውራሪስ ስድስት ሞላ። ዝሆን ዐሥር ሞላ። አውራሪስ ዐሥራ አንድ ሞላ። ሜዳውን ለማቃጠል አንድ ማሰሮ ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ የሚቃጠል ሜዳ ደግሞ የለም። ይህን ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

ፍሙ በማሰሮው ውስጥ ሆኖ ይናገር ነበር። የዝሆን ፍምና የአውራሪስ ፍም የአንድ ዛፍ ልጆች ናቸውና ቃላቸውም አንድ ነው። ለዝሆን በዝሆን ቤት፣ ለአውራሪስ በአውራሪስ ቤት፣ እንዲህ ይላሉ፦

«አንዴ እፍ በለኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ከዝሆን ኮረብታ ግርጌ እሜት ጃርት ጉድጓድ ቆፍራ ትኖር ነበር። ትንሽ ናት፤ ግን ሰላምታዋን ለፈለገችው ነው የምትሰጠው፤ አውራሪስንም በሩቁ እጅ ትነሣው ነበር። ዝሆን ይህን አይቶ ተቆጣ። አንድ ጠዋት መጥቶ ጉድጓዷን በኩምቢው ሊያፈርስ ሞከረ። እሾኋ ወጋውና እየጮኸ ተመለሰ። እንደገና እንደሚመጣ ግን ታውቃለች። ስለዚህ ሜዳውን አቋርጣ ወደ አውራሪስ ሄደች።

«አያ አውራሪስ፣ ይህ ሰውዬ ይመለስብኛል። ጠብቀኝ» አለችው።

አውራሪስ አሰበ። ከሱ ኮረብታ ግርጌ፣ በከርከሮ ጉድጓድ ውስጥ፣ ዝሆን ሦስት ማሰሮ ፍም ካስቀመጠ ከርሟል። አውራሪስ ጠዋት ጠዋት ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ ጢሱን ያሸታል፤ ውሃው ከጉሮሮው አይወርድለትም።

«እኔ ያሸተትኩትን እሱም ያሽተው!» አለና ሦስት ማሰሮ ፍም በጃርት ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠ። በላዩም ቅጠል ጣለበት።

በሜዳው መሐል ደግሞ እሜት ኤሊ ትኖር ነበር። ኮረብታ የላትም፤ ማሰሮ የላትም። ያላት ዘጠኝ እንቁላል ነው። ዘጠኙንም ከደረቀው ሣር ሥር በአፈር ቀብራቸዋለች። ሊፈለፈሉ ዐሥራ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። የኤሊ እንቁላል ከተቀበረበት ከተነሣና ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። እሳት ቢነሣ ሌላው ልጁን አዝሎ ይሸሻል። እሷ ሜዳውን አዝላ የት ትሄዳለች?

እንግዲህ አንድ ጠዋት ነፋሱ ዞረ። ዝሆን ኩምቢውን ወደ ላይ አነሣ። አሸተተ። ጢስ ነው። ከየት? ከጃርት ጉድጓድ!

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!» ብሎ ጮኸ። «ከደጄ ሥር እሳት ቀበረብኝ!»

ፍሙ ከማሰሮው ውስጥ፣ «ጊዜው አሁን ነው። አንዴ እፍ በለኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው» አለው።

ዝሆን ኩምቢውን በትንፋሽ ሞላው። ከዚያ የሁለቱ ሸለቆ አመድ ትዝ አለው፤ ትንፋሹንም ቀስ ብሎ ወደ ጎን ለቀቀው። «መጀመሪያ ቃል ልላክበት» አለ። የሁለቱም መልእክተኛ ቁራ ነበር። እንግዲህ ጉዳቸውን ስሙ!

ዝሆን ቁራን እንዲህ ብሎ ላከው፦ «ማሰሮዎችህን ከጃርት ጉድጓድ አውጣ። ካወጣህ ተቀምጠን እንነጋገራለን።» ቁራ በረረ። በመንገድ ላይ የሞተ ሚዳቋ አየና ወረደ። በላ፣ በላ፣ በላ። ሲጠግብ ግማሹ መልእክት ጠፋው። አውራሪስ ዘንድ ደርሶ «ማሰሮዎችህን አውጣ! ብሎሃል» አለው።

አውራሪስ ተቆጣ። «ምን ማሰሮ? የምን ማሰሮ? በጃርት ቤት ማሰሮ የለኝም በለው!» አለ። ዋሸ። ግን ካደረ በኋላ ልቡ ተመለሰ። እሱም ያንን አመድ አይቷልና ቁራን ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለው፦ «ለዝሆን ንገረው። ፈርቼ ነው ያስቀመጥኩት። ጃርትን ላይነካ ቃል ከሰጠኝ አወጣለሁ።»

ቁራ በረረ። ግን እየበረረ አሰበ። ያንን የሚያክል ጌታ «ፈራሁ» ሲል እንዴት ብዬ አደርሳለሁ? ጌታዬን አዋርዳለሁ? እኔስ ነገ የማን መልእክተኛ እባላለሁ? ስለዚህ ለጌታው ክብር ሲል ቃሉን ለወጠው። ዝሆን ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመና ፎከረ፦ «ፈሪ ለእናቱ! ብሎሃል።»

በክፋት እንዳይመስላችሁ። በጨዋነት ነው። የጌታውን ፍርሃት ሸሸግሁ ብሎ አገር ሊያቃጥል ነበር።

ዝሆን ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢሆንም «አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክር» አለ። «ሦስት ቀን እጠብቅሃለሁ በለው» ብሎ ቁራን ለሦስተኛ ጊዜ ላከው። ቁራ ሄደ። ሚዳቋው አላለቀም ነበር። አልተመለሰም። የቁራ መልእክተኛ ማለት ይኸው ነው።

ኤሊ ይህን ሁሉ ከሥር ሆና ትሰማ ነበር። ቁራ እየበረረ ቃሉን ለራሱ የማጥናት ልማድ አለው። ሲሄድ አንድ ቃል፣ ሲደርስ ሌላ ቃል። ወደ ላይ ጮኸች፤ ማን ይስማት? ስለዚህ ተነሣች። ከእንቁላሎቿ ተለይታ በመጀመሪያ ወደ ጃርት ሄደች። ሁለት ቀን ፈጀባት።

«እሜት ጃርት፣ እባክሽ ማሰሮዎቹን አስወጪ» አለቻት።

«ለምን ብዬ?» አለች ጃርት። «ዝሆን ሲመጣብኝ አንቺ ነሽ የምትመክቺልኝ?»

«እሳቱ ከተነሣ ማንንም አይመክትም። በመጀመሪያ የምትቃጠዪው አንቺ ነሽ።»

ጃርት እሾኋን አቆመች። «እወቂው፣ ማሰሮዎቹ ሲገቡ ፈቅጄ ነው። ይውጡ ቢባል ግን እኔን የሚጠይቀኝ ያለ ይመስልሻል? ሁለቱ ትልልቆች በእኔ ጉድጓድ ይጣላሉ፣ በእኔ ጉድጓድ ይታረቃሉ። እኔ የጉድጓዱ ባለቤት ብቻ ነኝ!»

እውነቷን ነው። ኤሊም እውነትሽን ነው አለቻት። ግን እውነት ጢስ አያጠፋም፤ ዞራ መንገዷን ቀጠለች። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ አሁን ስምንት ቀን ቀርቷቸዋል።

በሜዳው ዳር አንድ ያረጀ ሾላ አለ። ድሮ ዳኛ የሚቀመጥበት ነው። ዳኛው ከሞተ ቆይቷል፤ ከቅርንጫፉ ላይ ግን አንድ ረጅም የቃጫ ገመድ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ይህ ገመድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ አንዱ እንዳይጠፋ ዳኛ እስኪያገኙ ድረስ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ቁራኛ ይባላል። ሰው የነጠላውን ጫፍ ከባላጋራው ነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥራል። እንስሳት ነጠላ የላቸውምና ጭራ ለጭራ ይታሰራሉ። አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይተኛሉ። ቁራኛውን እምቢ ያለ ሳይሟገት ተረታ። በዚያ አገር ደግሞ ከምግብ ይልቅ ሙግት የሚወድ ብዙ ነው። ዛሬም ዘሩ አልጠፋም፤ እርስ በርስ አትተያዩ!

«ገመዴ፣ ውረድ» አለች ኤሊ።

«ወዴት?»

«ወደ ሙግት።»

«ከሳሹ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ተከሳሹስ?»

«ሁለት።»

«ዳኛውስ?»

«የለም።»

ገመድ ሳቀ። «እኔ ማሰር እንጂ መፍረድ አላውቅም።»

«ማሰሩ ይበቃኛል» አለች ኤሊ። ጫፉን በአፏ ነከሰችና ጎተተች። ቀን ጎተተች። በማግስቱም ጎተተች። ገመዱ በሣሩ ላይ እየተጋደመ ተከተላት። አፏ ደማ። አልለቀቀችም።

ዝሆን የቀጠረው ሦስት ቀን አለፈ። ዝሆን ከኮረብታው ወረደና በሜዳው መሐል መንገዱን ዘጋ። በኩምቢው የፍም ማሰሮ ይዟል። «ከዚህ ወዲህ አንድ ማሰሮ አያልፍም!» አለ። አውራሪስም ለጃርት የሚጨምረውን ማሰሮ በቀንዱ አንጠልጥሎ ወረደ። «መንገድ ጠይቄ አላውቅም!» አለ። መጣ። መጣ። ሣሩ ከደረቱ ሥር ይሰበራል። ዝሆን ቆሞ ጠበቀው። ሁለቱም የማሰሯቸውን ክዳን ጣሉ።

ፍሙም በሁለቱም ማሰሮ ውስጥ ቀላ። «ሊቀድምህ ነው። አንዴ እፍ በለኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተወው!» አላቸው፤ ለዝሆንም ለአውራሪስም፣ በአንድ ጊዜ።

ዝሆን ትንፋሽ ሳበ። አውራሪስም ትንፋሽ ሳበ።

ያኔ ከሁለቱ መሐል፣ ከሣሩ ሥር፣ ድምፅ ወጣ።

«በሕግ አምላክ! ቁሙ!»

በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል። ለሁለቱ ትልልቆች ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል የተናገራቸው አልነበረም። ዝሆን ቆመ። አውራሪስ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ ደንግጦ ወደ ኋላ አሳረፈው። ከተረከዙ ሥር ቀጭ የሚል ነገር ተሰማ።

ሁለቱም ወደ ታች አዩ። ኤሊ ናት። አፏ ደም፣ ከኋላዋ ገመድ። የአውራሪስን ተረከዝ አየች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ገለጠች።

«ዘጠኝ ነበሩ» አለች። «አሁን ስምንት ናቸው። ዘጠነኛውን ወሰዳችሁት፤ ስምንቱን ግን አልሰጣችሁም። ማነው ከሳሽ?»

ትላንት «እርስዎ» ትላቸው የነበረች ናት። ተናደው ነበር፤ ግን ሙግት መኖሩን ሲሰሙ ቁጣቸውን ረሱት።

«ከሳሹ እኔ ነኝ!» አለ ዝሆን። «ከደጄ ሥር እሳት ቀብሮብኛል!»

«ሐሰት! ከሳሹ እኔ ነኝ!» አለ አውራሪስ። «እሱ ቀድሞ ከደጄ ሥር ቀብሮብኛል!»

«እኔ ከሳሽ ከሆንኩ የማስረው እኔ ነኝ! በቁራኛ ይታሰርልኝ!»

«የለም፣ እኔ ነኝ የማስረው! ጭራህን አምጣ!»

«አንተ አምጣ!»

እሷ አላሰረቻቸውም። አንዱ ሌላውን አስራለሁ ሲል ሁለቱም ራሳቸውን አሰሩ። ጭራ ለጭራ። ገመድም ቋጠሮውን አጠበቀ።

«እንወራረድ» አለች ኤሊ። ያለ ውርርድ ሙግት የለምና። «አያ ዝሆን፣ በጃርት ጉድጓድ ፍም አለ ትላለህ። አያ አውራሪስ ደግሞ የለም ይላል። አያ አውራሪስ፣ በከርከሮ ጉድጓድ ፍም አለ ትላለህ። አያ ዝሆንስ?»

«የለም!» አለ ዝሆን። እሱም ዋሸ።

«እንግዲያው የተረታ ፍሙን ከዚያ ጉድጓድ ያወጣል። ይሁን?»

«ይሁን!» አለ ዝሆን። «ይሁን!» አለ አውራሪስ። ሁለቱም የሌላውን ውሸት ብቻ ነበር የሚያስቡት።

ጉዞ ተጀመረ። ጭራ ለጭራ የታሰረ ሁለት ፍጥረት እንዴት እንደሚሄድ አስቡት። ወደ ጃርት ሲሄዱ ዝሆን ወደ ፊት፣ አውራሪስ ወደ ኋላ። ወደ ከርከሮ ሲሄዱ አውራሪስ ወደ ፊት፣ ዝሆን ወደ ኋላ። እንዲህ ሆነው ሜዳውን በሦስት ቀን አቋረጡት። የሳቀ አልነበረም፤ ሁለቱም ክፍት የፍም ማሰሮ ይዘዋልና።

በመንገድ ላይ ነፋስ ተነሣ። ፍሙ ደስ አለው። «ይኸው ጀርባውን ሰጥቶሃል። አያይህም። አንዴ እፍ በለኝ» አለው ዝሆንን።

ዝሆን ኩምቢውን አቀና። ያኔ ጭራው ላይ አንድ ነገር ተሰማው። መንቀጥቀጥ ነው። የራሱ መሰለው። አይደለም። ከገመዱ ወዲያ ነው የሚመጣው።

«አንተ» አለ ዝሆን ዞር ሳይል። «ጭራህ ይንቀጠቀጣል።»

«ያንተም ይንቀጠቀጣል» አለ አውራሪስ።

ትንሽ ሄዱ።

«ፈርተሃል እንዴ?» አለ ዝሆን።

«ቁራ አልነገረህም? ፈርቼ ነው ያስቀመጥኩት ብዬ ልኬልህ ነበር።»

«ቁራማ ፈሪ ለእናቱ ብሎሃል ነው ያለኝ።»

አውራሪስ ቆመ። እሱ ሲቆም ዝሆንም ቆመ፤ ምን ያድርግ፣ ታስሯል።

«እኔ ያልኩት ፈራሁ ነው» አለ አውራሪስ።

ዝሆን ኩምቢውን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ ወደ ማሰሮው ጎንበስ ብሎ ለፍሙ፣ «አንተ ቂል፣ ጭራው ከእኔ ጭራ ጋር የታሰረ ነው። እሱ እየነደደ ሲሮጥ እኔን ወዴት ይወስደኛል?» አለው። አመድ ዘግኖም አለበሰው። አውራሪስም የራሱን አለበሰ።

ጃርት ጉድጓድ ደረሱ። ሦስት ማሰሮ ተገኘ። አውራሪስ ተረታ። ከርከሮ ጉድጓድ ደረሱ። ሦስት ማሰሮ ተገኘ። ዝሆን ተረታ።

ዝሆን ጉሮሮውን ጠረገ። «እሜት ኤሊ፣ የጃርቱ ይነገር። የከርከሮው ግን... እኔ የምወደድ የምከበር ነኝና በአገር ፊት ባይነገርብኝ? ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ።»

«እኔ እምቢ አልልም» አለ አውራሪስ፤ «ብቻ ያውጣ። ጃርትንም ላይነካ ይማልልኝ።»

ዝሆን ማለ። ኤሊ ራሷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ከተተች፤ ምንም አልሰማሁም ማለቷ ነው። ስለዚህ በአገሩ ሁሉ «ዝሆን ረታ» ተባለ። እናንተም ለማንም አትንገሩ።

ጃርት ግን ማሰሮዎቹ ሲወጡ በጉድጓዷ አፍ ቆማ ሁለቱንም በዓይኗ ሸኘቻቸው። «አላልኩም? ማንም አልጠየቀኝም» አለች። ቂሟ እስከ ዛሬ አለ። ጥፋተኛ ናት አልላችሁም።

ሙግቱ አለቀ። ሾላው ሥር ሄዱና ገመድ ቋጠሮውን አላላ።

«ይፈታ» አለ አውራሪስ።

«ቆይ» አለ ዝሆን። «አልወድህም።»

«እኔም አልወድህም።»

«ነገር ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጭራህ ሲንቀጠቀጥ ልብህን አውቄ ነበር። ከእንግዲህ በምን አውቃለሁ? በቁራ?»

አውራሪስ አሰበ። ከዚያ «ገመዱ ይርዘም» አለ።

ገመዱ ረዘመ። ያለው ቃጫ አመጣ፤ የሌለው ጉልበት አመጣ። ከምሥራቁ ኮረብታ እስከ ምዕራቡ ኮረብታ፣ ከኤሊ እንቁላል በላይ አልፎ፣ ተዘረጋ። በሁለቱም ጫፍ ቃጭል ታሰረ። አንዱ ሲስብ የሌላው ቃጭል ይጮኻል። ገመድም ቃል ሳይጨምር፣ ቃል ሳይቀንስ ያደርሳል። ቃጫ ነው፤ ለማንም ክብር ብሎ አይፎክርም። ሁለቱ በዚያው ሰሞን፣ ኃይሉን ልሞክር ብሎ ፍም በሜዳ ላይ ማራገብም እንዲቀር ተስማሙ። ማሰሮዎቹ ግን ቀሩ። ፍሙም በውስጣቸው አለ። እሱ ቃሉን አልቀየረም።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን አፈሩ ተነቃነቀ። አንድ ትንሽ ራስ ወጣ። ደግሞ ሌላ። ስምንት። ኤሊ ቆጠረች፤ ዘጠነኛው ወደነበረበት ቦታም አየች። ከዚያ ስምንቱን ከኋላዋ አስከትላ ገመዱ ሥር ሥሩን ሄደች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዶሮ ነው ያላችሁ ማነው?

ታዲያ ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ገመድ የሚፈተነው ሲሳብ ነው።

በልግ ሲገባ፣ ዝናቡ ሳይቀድም መብረቁ ቀደመ። በሜዳው መሐል ጢስ ተነሣ። ዝሆን ከኮረብታው ላይ አየው።

ፍሙ ጮኸ። «ይኸው! እሱ ነው! ቀደመህ! አንዴ እፍ በለኝ!»

ዝሆን ኩምቢውን በትንፋሽ ሞላው። እስከ ጆሮው ሞላው። ወደ ማሰሮው ዘረጋው። ጫፉ ከአመዱ አንድ ስንዝር ሲቀረው መለሰውና ገመዱን ያዘ። ሳበ።

በምዕራብ ኮረብታ ላይ አውራሪስ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። አፍንጫው ተነፍቷል። ቃጭሉ ጮኸ።

«አንተ ነህ?» አለ ዝሆን።

ገመዱ አደረሰ፦ «አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ አውራሪስ። «አንተስ?»

«አይደለሁም።»

ሁለቱም የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁ። ሜዳው ሁሉ የሰማው ይመስል ነበር።

«እንግዲያው ና እንርገጠው» አለ ዝሆን።

አንዱ ከምሥራቅ ሮጠ፣ አንዱ ከምዕራብ ሮጠ። ዝሆን ውሃ ረጨ፤ አውራሪስ በእግሩ ረገጠ። ሲያልቅ ፊታቸው ጠቁሮ፣ እግራቸው ተቃጥሎ፣ ተያዩ። አልተቃቀፉም። «ደህና ዋል» ተባባሉና አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ሄደ። ኤሊና ስምንት ልጆቿ ያልተቃጠለውን ሣር ይግጡ ነበር።

ተረቴን አትመልሱልኝ፤ እናንተው ያዙት። አፌን በዳቦ የምታብሱ ከሆነ ግን ግማሹን ለማትወዱት ጎረቤት አድርሱልኝ፤ በቁራ ሳይሆን ራሳችሁ ይዛችሁ። ወዳጅ ከሚልከው ቁራ፣ ጠላት የሚስበው ገመድ ይሻላል።